ባለጉዱ ካልሳቀ አይዘፈንም

ማክሰኞ፣ ጥር 6

እትዬ ዛሬ ሾርባው ውስጥ ሁለቴ ጨው ጨመረች። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሷ ግን ሳህኗን ጥርግ አድርጋ ጨረሰችና «ምነው፣ ዛሬ ምግብ አልበላ አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃዬን እየጠጣሁ ለዚህ ሳምንት ዘፈን ተገኘ አልኳት።

ማክሰኞ የእኔና የታላቅ እህቴ የመጻፊያ ቀን ነው። ሬዲዮ ጣቢያው አሥር ደቂቃ ከሰጠን አሥራ አንድ ዓመት ሞላን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ባል፣ እኔ ሚስት ሆነን ስንጨቃጨቅ አድማጭ አልሰለቸንም። እትዬ ድምፀ ወፍራም ናት፤ ስልክ ኦፕሬተር ሳለች ደዋዩ ሁሉ «ጌታዬ» ይላት ነበር። ስለዚህ ባልነቱ ያለ ክርክር ለእሷ ሄደ። የምንዘፍነው የቤታችንን ጉድ ነው። መብራቱን ማን ተነስቶ ያጥፋ፣ የሳሙናዋን ቁራጭ ማን ይጨርስ፣ ጎዶሎዋ ካልሲ ትጣል ወይስ ጓደኛዋ እስክትገኝ ትጠበቅ።

አንቺ ከግድግዳ፣ እኔ ከዳር ተኝቼ፣
አርጅቼ ልሙት ወይ መብራት አጥፍቼ?

ይቺን እንኳ ሕፃን ሽማግሌው ያውቃታል። ኩሽና ውስጥ ሚስማር ላይ የተሰቀለ የጉድ ደብተር አለን። አንዳችን ስንሳሳት ሌላዋ ከነቀኑ ትመዘግበዋለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከዚያ መርጠን እንገጥማለን። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ባለጉዱ ካልሳቀ አይዘፈንም። ያወጣችው እትዬ ናት። ባሌ ጥሎኝ ሄዶ እሷ ቤት በገባሁ ሰሞን፣ ማናችንም በሌላችን ቁስል ላይ እንዳንዘፍን ብላ ነው።

ከሰዓት በኋላ የጨዉን ገጥሜ አነበብኩላት።

ጨው ጨምሬያለሁ ወይ፣ ወይስ አልጨመርኩም?
ከመቅመስ በስተቀር ዘዴ አላወቅኩም።

ከአንጀቷ ሳቀች። እንባዋን እየጠረገች «የማን ጉድ ነው ይሄ?» አለችኝ። ቀልዷን ነው። እትዬ ሁልጊዜ እንዲህ ትቀልዳለች።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ቀረጻ ነበር። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ሁለት ሱሪ አሳጥሬ እስከ ማታ ማድረስ አለብኝ። እትዬ ሦስተኛውን ስንኝ ዘለለችና ሁለተኛውን ደገመችው። አኮርዲዮን የሚጫወትልን ጢሞ ዜማውን ሳያቋርጥ ጠበቃት። እኔ ቶሎ ብዬ «ባሌ ሆይ፣ ይሄን እኮ አሁን ነገርከኝ» ብዬ ገባሁ። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሁሉ ሳቁ። አዘጋጁ ወጥቶ እንዲህ ያለውን ጨምሩበት እንጂ አለን።

ጥሩ ሆነ። ከጻፍኩት ይልቅ ጥሩ ሆነ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

የእትዬ ልጅ ከምትሠራበት ከተማ ደወለች። እናቷ ትናንት ሦስት ጊዜ ደውላላት ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጉንፋኗ ጠይቃታለች። ናፍቆት ነው አልኳት። ልጅቷ ግን ዝም ብላ የምትቀበል ዓይነት አይደለችም። «አክስቴ፣ ሦስቱንም ጊዜ ዛሬ ገና መደወሏ እንደሆነ ነው የነገረችኝ» አለች። ዕድሜ ነው፣ እኔስ ብሆን መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ቤቱን አምስ የለ ወይ አልኳት። «እሺ፣ እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና ተሰናበተችኝ።

እትዬ በሥራ ዘመኗ የከተማውን ስልክ ግማሹን በቃሏ ታውቅ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሲያስተዋውቋት ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነበር የምታስታውሰው። ዛሬ የልጇን ቁጥር ግድግዳው ላይ ከለጠፈችው ወረቀት ላይ ስታይ አየሁ። ቢሆንስ? ጡረታ የወጣ ሰው የማንን ቁጥር የመሸምደድ ግዴታ አለበት?

ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። «ጥር 13፣ ሦስቴ ደወለች።» ለዘፈን ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ቀሚስ ለደንበኛ አድርሼ ስመለስ የቤታችን በር ከውስጥ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ናት እጀታውን የምትነቀንቀው። በስንጥቁ በኩል «ቁልፉ ጠፍቶኝ እኮ ነው፣ መግባት አቃተኝ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ገብተሻል እኮ» አልኳት።

እጀታውን ለቀቀችው። ከዚያ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። በሩን ስከፍተው ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ ቆማለች። ስንት ሰዓት እንደቆየች አልጠየቅኳትም። ካፖርቷን ተቀብዬ ሰቀልኩና ሻይ አፈላሁ።

ዘፈኑ ግን በአንድ ትንፋሽ ወጣልኝ። እንዲህ ያለ ግጥም በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

በሩን ልክፈት ብዬ ቁልፍ ስፈልግ ውዬ፣
ለካስ ከውስጥ ነኝ፣ ወዴት ልግባ ብዬ?

አነበብኩላት። ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር። ሳቀች ግን። ሕጉ ተጠብቋል።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ቀረጻ። ስንኞቹን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ፊት ለፊቷ ያዝኩላት። አንድ ቦታ ብቻ ነው የሳተችው፣ እሱንም አቃናሁት። አዘጋጁ በሳቅ ሞተ። ከእንግዲህ «ዝንጉው ባል» ተብሎ በተከታታይ ይቅረብ አለ። ዚፕ ልቀይርለት የገባ ጃኬት እስካሁን አልነካሁም። ቀኑ እንዲሁ መሸብኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ከጢሞ ጋር ተጣላሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

ከቀረጻ በኋላ እትዬ ፊቷን ልትታጠብ ስትሄድ አኮርዲዮኑን ሳጥን ውስጥ እያስገባ ሐኪም አይቷት እንደሆነ ጠየቀኝ። ለምን ሲባል አልኩት። ጢሙን እየጎተተ ቆይቶ «እኔ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ግን እሷ ጋ ነው» አለ። «ድሮ ስትስት ትናደድ ነበር። አሁን መሳቷንም አታውቀው።»

ለመድረክ ብላ ነው አልኩት፣ ትወና የሚባል ነገር አለ አልኩት፣ አንተ ሙዚቃህን ተጫወት አልኩት። አፌ ሲከፈት መዝጊያ የለውም። እሱ ግን «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» አለና ሳጥኑን ቆለፈ።

እትዬ ተመልሳ ምን ሆናችኋል ስትል ሁለታችንም እኩል ምንም አልን።

ሰኞ፣ የካቲት 3

አንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ ይዛ መጣች። ቁመቱን ስለካላት የቁልፉን ዘፈን ታንጎራጉራለች። የማን እንደሆነ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም፤ እንዲህ ያለውን ደስታ በድብቅ ነው የማጣጥመው። ከዚያ ለራሷ በሚመስል ድምፅ «አባቴም እንዲህ ነበር የጀመረው፣ በቁልፍ» አለች።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ከዚያ ወዲያ እሷ ያወራችውን አልሰማሁም። መጋረጃዋንም አሳጥሬ ቆረጥኩት፤ ነገ ደውዬ ጨርቅ ማስጨመር ይኖርብኛል።

የቁልፍ ነገር ግን የማንም ነው። ቁልፍ ያልጠፋበት ሰው ማን አለ?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ልጅቷ ከዚያው ሆና ለእናቷ የሐኪም ቀጠሮ አስይዛለች፣ ለየካቲት 27 ሐሙስ። ዛሬ ደግሞ አዘጋጁ መጣ። መጋቢት 6 ማታ በትልቁ አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ «ዝንጉው ባል» ሙሉ ዝግጅት። የካቲት 27 ልምምድ አለ።

ደውዬ ቀጠሮውን በሁለት ሳምንት አራዘምኩት። ሁለት ሳምንት ምን ይለውጣል? ለልጅቷ ሐኪሙ የለም ብያታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለልጅ መዋሸት ጀመርኩ።

እትዬ አዳራሹን ስትሰማ ፊቷ በራ። ያ የፊቷ ብርሃን ለእኔ በቂ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ሁለት ሰዓት ቆየች። የፋርማሲው ሴትዮ ናት እጇን ይዛ ያመጣቻት። ዳቦ ቤቱ ከቤታችን ሦስተኛው በር ነው።

ይሄን ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም።

እሁድ፣ መጋቢት 7

ትናንት ሆነ። ከጧት ጀምሮ ልጽፈው እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። አሁን እትዬ ተኝታለች፤ ፀሐይዋ እግሯ ላይ ናት። እንደ ሆነው ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እትዬ የባል ኮቷን ለብሳ ኮፍያዋን አዘንብላ ስትወጣ ገና አፏን ሳትከፍት ጭብጨባው ጣራውን ሊያወርደው ደረሰ። የመብራቱን ዘፈን ያለ አንዳች እንከን ዘፈነችው። የጨዉንም። ጢሞን ዞሬ «አየህ» በሚል ዓይን ሁሉ አየሁት። እንዴት ያለች ሞኝ ነኝ።

ሦስተኛው የቁልፉ ነበር። እኔ «ቁልፉን የት አደረግከው?» ብዬ መጠየቅ አለብኝ፣ እሷ በዜማ ትመልሳለች። ጠየቅኳት። ጢሞ መግቢያውን ተጫወተ። አልገባችም። ደገመው። መብራቱን አየች፣ ሕዝቡን አየች። ከዚያ በዚያ በወፍራሙ የሥራ ድምፅዋ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣

«መስመሩ ተይዟል። ቆየት ብለው ይደውሉ» አለች።

አዳራሹ ፈነዳ። ወንበሩን የሚደበድብ ነበር። እኔ አጠገቧ ነኝ። ዓይኗ ውስጥ ዘፈንም ባልም አልነበረም። እየቀለደች እንዳልሆነ አውቄያለሁ። አሁን በራሴ እጅ እየጻፍኩት ነው፤ አውቄያለሁ።

እና ምን አደረግኩ? ሳቁ በረድ ሲል እንደገና ጠየቅኳት። «ጌታዬ፣ ቁልፉን የት አደረግከው?»

«መስመሩ ተይዟል። ቆየት ብለው ይደውሉ።»

ሦስተኛም ጠየቅኳት። ሳቁ ጣፍጦኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሦስተኛው እጄን ያዘችና በጆሮዬ «ሚጡ፣ ወደ ቤት እንሂድ፣ እማዬ ትቆጣለች» አለችኝ። እናታችን ከሞተች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ማይክሮፎኑ ቅርብ ስለነበር ሕዝቡ ሰማው፤ ከምንም በላይ የሳቀው በዚህ ነው።

ዘፈኑን ብቻዬን ጨረስኩት። የእሷንም የእኔንም ክፍል ዘፈንኩ፣ እጇን እንደያዝኩ። ጢሞ መጫወት አቁሞ ነበር። መቼ እንዳቆመ አላወቅኩም።

ወጥተን ኮቷን ሳወልቅላት አዘጋጁ እየሮጠ መጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አላየም፣ የስልኩ ነገር የማን ሐሳብ ነበር? የእሷ ነው አልኩት።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። እኔ የራሴ ሲያር ቆሜ ለሰው አስቀመስኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ የጨዉ ዘፈን እቤቱ እንደሚዘፈን ነገረን፣ እትዬም ኮራች። ከዚያ ሦስት ቃል ነግሯት ቆይቶ ይመልሱልኝ አላት። አንዱንም አልመለሰችም። የሰዓት ምስል ይሳሉልኝ ሲላት ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ወገን ደረደረቻቸው። የሳለችውን ከእኔ በእጇ ጋረደችው፣ ተማሪ ከጎረቤቷ እንደምትጋርድ።

ነርሷ ለደም ምርመራ ስትወስዳት መቼ እንደጀመራት ጠየቀኝ። በቅርቡ ልል ነበር። ግን ልጅቷ የምታስታውሺውን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ ስላለችኝ የጉድ ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ገለጠው። መጀመሪያ ፈገግ እያለ አነበበ፤ «ስኳሩን ፍሪጅ ውስጥ፣ ቅቤውን ቁም ሳጥን ውስጥ»፤ «ጎረቤቷን ሁለቴ ተዋወቀቻት»፤ «ሦስቴ ደወለች»። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ወደ ኋላ እየገለጠ ቀኖቹን በእስክሪብቶ ጫፍ ተከተላቸው። ከሰኔ ይጀምራሉ። ዘጠኝ ወር።

ከዚህ የተሟላ የሕመም መዝገብ ቤተሰብ አምጥቶለት እንደማያውቅ ነገረኝ። ሊያመሰግነኝ ነው እንዲህ ያለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሕመሙን ስም ነገረኝ። የማይመለስ ነው፣ ማዘግየት ግን ይሞከራል አለ። ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ምን ይለወጥ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ብዙም ላይሆን ይችላል አለ። «ላይሆን ይችላል» የምትለዋን ቃል ይዤ ወጣሁ፤ እስካሁን አልለቀቀችኝም።

እሁድ፣ መጋቢት 14

ዛሬ ጧት እትዬ እንደ ጥንቷ ነበረች። ልብስ እያጠፈች የፎጣዎቹን ጠርዝ እንዴት እንደማላስተካክል ተቆጣችኝ። እንዲህ ያለው ሰዓት ስለማይቆይ ሮጥኩበት። ይቅርታ አልኳት። የምን ብላ ጠየቀችኝ። የአዳራሹን አልኩ፣ የቁልፉን፣ የጨዉን፣ የሁሉንም። ሳቅሽን ፈቃድ አድርጌ ወሰድኩት፣ አንቺ የራስሽ ጉድ መሆኑን እንኳ ሳታውቂ አልኳት። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹ ቃል አልተሰማም።

ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠችው።

«የማላውቅ መስሎሽ ነው?» አለች። «የጨዉ እለት አላወቅኩም ነበር። የቁልፉን አውቄያለሁ። በሩን ስትከፍቺ ፊትሽን አየሁት፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ነበርሽ የፈራሽው። ስታነቢልኝም ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስስቅልሽ ተረጋጋሽ። ከዚያ ወዲያ የሳቅኩት ሁሉ ለዚያ ነው።»

እኔ ጉዷን የምደብቅላት ይመስለኝ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አሁንም የምታባብለኝ እሷ ናት።

«አንድ ነገር ስሚኝ» አለችኝ። «ከእንግዲህ እንዲሁ በባዶው የምስቅበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ሳቄን እንዳታምኚው። የእኔ ጉድ ይብቃ፤ ያንቺን ጻፊ።»

እሺ አልኳት። አብረን ሰባት ፎጣ አጠፍን። ስምንተኛው ላይ ነገ ቀረጻ አለብን ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

አዘጋጁ ጋ ሄድኩ። በቃን አልኩት። ሕዝቡ ያበደበት ሰዓት ላይ እንዴት ይሆናል አለ፤ ሌላ ሴት በቦታዋ እናስገባ አለ፤ ቢያንስ የአዳራሹ ቅጂ ይተላለፍ አለ። እንደታመመች ነገርኩት። ደነገጠ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ አድማጭ እኮ አያውቅም አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልኩት። ቅጂውን ተቀብዬው ወጣሁ። በሩ ላይ ጢሞ ቆሞ ነበር። ቦርሳዬን ተቀብሎ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ።

ልጅቷ ወር በገባ በአሥር ትመጣለች። እውነቱን ሁሉ ነግሬያታለሁ፣ ቀጠሮውንም ጭምር። ስልኩን ዘጋችብኝ። ማታ መልሳ ደወለች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ከሁለት ወር በኋላ ዛሬ ሞከርኩ። የራሴን ጉድ። ጧት መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ይበርደኛል፤ እዘጋዋለሁ፣ ያፍነኛል። ድሮ ክፈቺው ዝጊው ብላ ስለምትከራከረኝ ማሸነፍ ብቻ ነበር የምፈልገው፤ የትኛው እንደሚስማማኝ ግን አስቤው አላውቅም። ግማሽ ቀን መስኮትና ወንበር ስመላለስ ዋልኩ። ሥራ የፈታ ሰው ጉድ ነው፣ ግን ጉድ ነው።

እትዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሆኜ አነበብኩላት።

መስኮቱን ልዝጋው ወይ፣ ወይስ ልክፈተው?
ተይ ባይ ከሌለኝ፣ በማን ላይ ልዝጋው?

በጥሞና ሰማችኝ። አልሳቀችም። ቀና ብላ ዓይኔን ስታየኝ ሰው ቤት የገባች እንግዳ ትመስል ነበር፣ ጨዋና ጠንቃቃ።

«ብቻዋን ነው የምትኖረው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ እህት አለቻት» አልኳት።

«ታላቅ ናት ታናሽ?»

«ታላቅ።»

«እንግዲያው ምን አሳሰባት?» አለች።

 ተንበርክኬ ካልሲዋን አወለቅኩላትና አስተኛኋት።